አሥራ ዘጠኝ ኩንታል ከኋላ፣ ሰባት ሰው ከውስጥ

ወንድም ጋሼ ሐሙሲት ላይ ትንሽ ጋራዥ አለው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት ዳር ስለሆነ ሥራ አያጣም። ችግሩ መኪኖች ጋራዡ በር ላይ አይበላሹም። የሚቆሙት ወረታን አልፈው፣ ወደ ደብረ ታቦር በሚወጣው የዓለም በር ዳገት መሐል ነው፤ ያውም ሲመሽ። ባለመኪናው ይደውላል፣ ወንድሜ ጭኖ የሚያመጣለት መኪና ያፈላልጋል፣ የመጫኛው ኪራይ ከጥገናው ይበልጣል፣ ደንበኛው "በቃ ተወው" ብሎ ስልኩን ይዘጋል።

ዘንድሮ ዕቁቡ ሲወጣለት "የቤት መኪና እንገዛለን፤ ግን መኪና የተጫነበት ተሳቢ የሚጎትት ይሁን" አለ። እማዬ ደግሞ መኪና ሲባል የሚታያት ሌላ ነው፦ ሰባታችንም ተሳፍረን ደብረ ታቦር አክስቴ ጋ መሄድ፣ አባዬን ለክትትል ሐኪም ቤት ማድረስ። ብሩ ለአንድ መኪና ብቻ ነው የሚበቃው። "አንተ ኢኮኖሚክስ ተምረሃል፣ እስቲ አስላው" ተባልኩና ስሌቱ እኔ ላይ ወደቀ።

መጀመሪያ የሠራሁት ስሌት የክፍል ውስጥ ስሌት ነበር። በወር ሁለትና ሦስት ቀን ለሚጎተት ነገር ለምን ዓመቱን ሙሉ ከባድ መኪና ይመገባል? ትንሽ መኪና ይገዛ፣ ለመጎተቱ ኪራይ ይከፈል። ወረቀት ላይ ያምራል። ወንድም ጋሼ ግን አንብቦት ሲያበቃ ያለፈውን ክረምት አስታወሰኝ።

ያኔ ኪራዩን ሽሽት የጓደኛውን ቤንዚን አውቶሞቢል ተውሶ፣ የተበላሸውን መኪና በገመድ አስሮ ከደብረ ታቦር ቁልቁል ይወርድ ነበር። የተበላሸውን መሪ የያዘው አባዬ ነው። ሞተሩ የጠፋ መኪና ፍሬኑ ይደርቃል፣ መሪውም ይከብዳል፤ የሚያግዘው ሞተሩ ነበርና። ከፊት ያለው ፍሬን ደግሞ የሁለት መኪና ክብደት ለብቻው ይዞ ይጨስ ጀመር። አባዬ መኪናውን ከድንጋይ ክምር ጋር አጋጭቶ አቆመው። ሰው አልተጎዳም። እኔ ግን ያን ስሰማ ኤክሴሉን ዘጋሁት።

ስለ መጎተት ሲወራ ሁሉም የሚጠይቀው የፈረስ ጉልበት ነው። ስንት ሲሲ? ስንት ሲሊንደር? ቅድሚያ የሚሰጠው ጥያቄ ግን ክብደት ነው፤ በኛ ቋንቋ በኩንታል እናስላው። አንድ ኮሮላ 12 ወይም 13 ኩንታል ነው። የሚሸከመው ተሳቢ ከ6 እስከ 7 ኩንታል ይመዝናል። 19 ኩንታል አካባቢ ሆነ። በ100 ሜትር ጉዞ 8 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ ይህ ጭነት መኪናውን በ150 ኪሎ ገደማ ወደኋላ ይስበዋል፤ ቁልቁለት ሲሆን በዚያው ኃይል ወደፊት ይገፋዋል። በዚህ ላይ ከተሳቢው ክብደት አንድ አስረኛ ያህሉ መኪናው ጋንቾ ላይ ማረፍ አለበት፤ አለዚያ ተሳቢው ይወዛወዛል። ወደ 190 ኪሎ ማለት ነው። ሰባት ሰው ሲጨመር መኪናው ገና ሳይንቀሳቀስ ከ6 ኩንታል በላይ ተሸክሟል። ቤተሰቡ ራሱ ጭነት ነው፤ ይህን ማንም አያሰላውም።

ቀጥሎ ከፍታው። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ደብረ ታቦር 2,700 አካባቢ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አስረኛ ያህል ያጣል። ደብረ ታቦር ሲደርስ ሩብ ያህሉ የለም። ቱርቦ ያለው ናፍጣ አብዛኛውን ይዞ ይወጣል።

ይህ መሬት ስለ መጎተት የሚያውቀው ትናንት አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው፤ መንገዱ ፊት ፊቱ እየተጠረገ፣ በሰው ጉልበት። ሰው የሚያስታውሰው ወደ ላይ መጎተቱን ነው። የጂዳንና የበሽሎን ገደል ቁልቁል ሲወርድ ግን ሥራው መጎተት ሳይሆን ወደኋላ መያዝ ነበር። የአባዬም ነገር ያው ነው።

ስለዚህ ከሞተሩ በፊት ፍሬን። በአውሮፓ ሕግ ከ750 ኪሎ በላይ የሚመዝን ተሳቢ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው። ሐሙሲት ላይ በብየዳ የሚሠራ ተሳቢ ደግሞ ፍሬን የሚባል ነገር ላይኖረው ይችላል። ፍሬን ከሌለው መኪናው ምንም ይሁን ምን 19 ኩንታል አትጎትቱበት። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

አሁን ወደ ምርጫው። የኤሌክትሪክ መኪናውን ብዙ አሰብኩበት፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ ከውጭ አዲስ የሚመጣው እሱ ነው። ከፍታ አይበግረውም፣ ቁልቁለት ላይም ሞተሩ ራሱ ይይዛል። ነገር ግን ብዙዎቹ ትንንሾቹ ፋብሪካቸው ተሳቢ እንዲጎትቱ አልፈቀደላቸውም፤ የተፈቀደላቸውም ሲጎትቱ በአንድ ቻርጅ የሚሄዱት ርቀት ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ዳገት መሐል ሰው ሊያነሣ ሄዶ ራሱ የሚነሣ መኪና አንፈልግም።

ደብል ጋቢና ሃይሉክስ የወንድሜ ምርጫ ነበር። ባለ 2.8 ሊትር ቱርቦ ናፍጣው በብዙ አገር እስከ 35 ኩንታል ተፈቅዶለታል፤ ተሳቢው ፍሬን ካለው ማለት ነው። ቀደም ያለው ባለ 3 ሊትሩ 25 ገደማ። ወንበሩ ግን አምስት ነው። "ሁለታችሁ ከኋላ ክፍቱ ላይ" ሲል እማዬ ቀና ብላ አየችው፣ ወሬው እዚያው አለቀ።

የቀረው በየጨረታው የሚወጣው ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ነው። ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣው ቱርቦ የለውም፣ ዳገት ላይ ቀስ ይላል፣ ነዳጅ ይጠጣል። ግን ሻንሲው ጠንካራ ነው፣ ሰባታችንንም ይይዛል፣ ዕቃውም ይገኛል። ዋጋውን አልጽፍም፤ ጽሑፉ ሳይወጣ ይቀየራል። የኔ ድምፅ ለሱ ነው። ቀስ ማለቱ እንዲያውም ደስ ይለኛል።

ገና አልገዛንም። የምናየውን መኪና ሻጩ ከፈቀደ 10 ኩንታል የፎገራ ሩዝ ጭነን የዓለም በርን ዳገት እንወጣበታለን፤ የሙቀት መለኪያው ከመሐል ካለፈ እንመለሳለን። ከዚያ በሁለተኛ ማርሽ ወርደን ጎማው አጠገብ ፍሬኑን እናሸታለን። ሊብሬው ላይ የተጻፈውን የጭነት ልክም እናያለን። ተሳቢው ራሱ ሰሌዳ ስለሚፈልግ ወንድሜ መንገድ ትራንስፖርት ጠይቆ ይመጣል።

እማዬ አንድ ቅሬታ አላት፦ ሃርድቶፕ ከኋላ ወንበሩ ወደ ጎን ነው፣ ወገቧን ያማታል፣ ቀበቶም አላየችበትም። ወንድም ጋሼ ወደ ፊት የሚያይ ወንበር ከነቀበቶው አስሮ ሊያሰናዳላት ቃል ገባ።

"እሺ" አለችው፣ "እንግዲያው ወንበሩ ይቅደም፤ ጋንቾው ይደርሳል።"