ዛፍ ላይ ሳይወጡ ዛፍ መመልመል

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታ ከመድረሱ በፊት ሐሙሲትን ያገኛል። ከዚያ ወዲያ የሚዘረጋው የፎገራ ሜዳ በክረምት ውሃ የሚተኛበት የሩዝ አገር ስለሆነ፣ ዛፍ በብዛት የሚታየው በየመኖሪያ ጊቢው ነው። ማንጎው፣ አቮካዶው፣ ዋንዛው፣ ግራቪሊያው ሲተከል ከጉልበት የማያልፍ ችግኝ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግን ቆርቆሮ ላይ ይተኛል፣ የጎረቤት አጥር ይሻገራል፣ የመብራት ሽቦ ይነካል።

የተለመደው መፍትሔ የሰፈር ጎረምሳ መጥራት ነው። ልጁ ጫማውን አውልቆ ገጀራውን ይዞ ይወጣል፤ በአንድ እጁ ግንዱን ያቅፋል፣ በሌላው ይመታል። ከታች ያለው ቤተሰብ «ኧረ ቀስ በል!» ይላል። ብዙ ጊዜ ሥራው በሰላም ያልቃል። ያልቀናው ቀን ግን የሚሰበረው እጅ ወይም አከርካሪ ነው። ለጥቂት ብር የወጣ ልጅ ዕድሜ ልኩን ሊጎዳ ይችላል።

ባለዘንግ መጋዝ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የመጋዝ ምላጭ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ይታሰርና ቅርንጫፉ የሚቆረጠው መሬት ላይ ተቁሞ ነው። ሞተርም ባትሪም አይፈልግም። ሲመርጡት ግን ልብ የሚባሉ ነገሮች አሉ።

ርዝመቱ ስንት ይሁን?

ብዙ ገዢ ከሁሉ የሚረዝመውን ይፈልጋል። ዘንግ በረዘመ ቁጥር ግን ጫፉ ይከብዳል፣ ይወዛወዛል፤ ክንድና አንገትም ቶሎ ይዝላል። የሚሻለው ለጊቢዎ የሚበቃው አጭሩ ነው። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ።

ዘንጉ ቀጥ ብሎ ከራስ በላይ አይያዝም፤ ወደ 60 ዲግሪ ያህል አዘንብለው ነው የሚሠሩበት። እጅዎ ደረትዎ አጠገብ፣ ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ ነው እንበል። ቅርንጫፉ 4.5 ሜትር ከፍታ ላይ ካለ ከእጅዎ በላይ 3.2 ሜትር ይቀራል። ዘንጉ ስለሚያዘነብል ይህ ወደ 3.7 ሜትር ያድጋል። ሁለት እጅ የሚይዝበት ሲጨመር ከ4 ሜትር ጥቂት ያለፈ ዘንግ ይበቃል ማለት ነው። በዚህ አቋም ከሚቆረጠው ቦታ ትይዩ ወደ ጎን 1.8 ሜትር ያህል ርቀው ይቆማሉ። ያም ሆኖ ቅርንጫፉ ሲወድቅ ሊወረወር ስለሚችል፣ ከመጀመርዎ በፊት የሚሸሹበትን መንገድ ያመቻቹ። መሰላል ላይ ቆሞ ባለዘንግ መጋዝ መጠቀም ግን የመሣሪያውን ጥቅም ከንቱ ያደርገዋል።

ዘንጉና ምላጩ

የአሉሚኒየም ዘንግ ቀላል ነው፤ ኤሌክትሪክ ግን ያስተላልፋል። ፋይበርግላስ ይከብዳል፤ ደረቅና ንጹህ ከሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ሲረጥብ ወይም ሲቆሽሽ ግን አይታመንም። እንደ አንቴና የሚሳብ ዘንግ ከሆነ ሱቁ ውስጥ እስከ መጨረሻው ይሳቡት። ከታች ጫፉ ይዘው አግድም ያንሱት፤ እንደ ቀስት ከጎበጠ ዛፍ ላይ ይባስ ያስቸግርዎታል። ከዚያ ይጠምዝዙት፣ ይግፉት፣ ይጎትቱት። መቆለፊያው ከላላ ይተዉት።

ምላጩ ወደ ውስጥ የጎበጠ፣ ጥርሱም ወደ ሰውየው የዞረ ይሁን። እንዲህ ያለው መጋዝ ሲጎትቱት ነው የሚቆርጠው፤ የራሱ ክብደትም ያግዘዋል። ጉብጠቱ ደግሞ ከቅርንጫፉ ላይ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። የተለመደው የአናጢ መጋዝ ግን የሚቆርጠው ሲገፋ ስለሆነ፣ ረጅም ዘንግ ላይ ቢታሰር ዘንጉ ይጎብጣል እንጂ ሥራው አይገፋም። ምላጩ ለብቻው ተፈትቶ የሚቀየር መሆኑንም ይጠይቁ። ከምላጩ ሥር ሜንጦ ያለው ከሆነ ተቆርጦ ሌላ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለውን ጎትቶ ለማውረድ ይጠቅማል።

የተዘጋጀው መሣሪያ ካልተገኘ፣ የጎበጠ የመግረዣ መጋዝ ገዝቶ በቀርከሃ ወይም በደረቀና ቀጥ ባለ የባሕር ዛፍ አጣና ላይ ማሰር ይቻላል። እዚህ ላይ ነው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው። በሽቦ ወይም በጎማ ጠፍሮ መጀመር አደጋ አለው፤ መጋዙ በተጎተተ ቁጥር ማሰሪያው ይላላል፣ ከላይ የሚወርድ ምላጭም እንደ ጩቤ ነው። ዘንጉን ዘልቀው የሚያልፉ ሁለት ብሎኖች ከነዳዷቸው ይጠበቁለት።

የመብራት ሽቦ ካለ

የትኛውም ዓይነት ዘንግ ሽቦ አጠገብ ለመሥራት ፈቃድ አይሰጥም። ሰውየው፣ ዘንጉም ሆነ የሚወድቀው ቅርንጫፍ ከሽቦው ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ አለበት። እርጥብ ቀርከሃም እርጥብ ቅርንጫፍም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ዛፉ ሽቦውን ከነካ ወይም ከተጠጋ መጋዙን አስቀምጠው የአካባቢዎን የኤሌክትሪክ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ።

ሲቆርጡ

ልጆችንና ከብቶችን ያርቁ። የራስ ቁርና መነጽር ያድርጉ፤ ሰጋቱራው የሚወርደው ዓይን ላይ ነው። የማንጎ ፈሳሽ ቆዳ ስለሚያሳክክና ስለሚያቆስል እጅጌዎ ረጅም ይሁን።

ቅርንጫፉን ከግንዱ ሥር አንድ ጊዜ ለመጣል አይሞክሩ። ከጫፉ ጀምረው ቁራጭ በቁራጭ ያሳጥሩት። ክብደቱ ሲቀንስ የቀረውን ከታች በኩል ጥቂት ገዝግዘው ከላይ ይጨርሱት፤ አለበለዚያ ሲገነጠል የግንዱን ልጣጭ ይዞ ይወርዳል። የመጨረሻው ቁርጥ ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ካለው እብጠት በስተውጭ ይሁን። ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋው በዚያ እብጠት ነውና አይንኩት፤ ረጅም ጉቶም አያስቀሩ። ውፍረቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያለፈውን ለባለሙያ ይተዉ። በአንድ ዓመትም ከዛፉ ቅርንጫፍና ቅጠል ከሩብ በላይ አይቀንሱ።

ማንጎ የሚገረዘው ፍሬው ተለቅሞ ካለቀ በኋላ፣ ዝናብ በሌለበት ቀን ነው። መግረዝ ውበት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ከታየ ወዲህ ወደ ሌሎች አካባቢዎች የተዛመተው ነጭ የማንጎ ተባይ የታፈነና ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል ይመቸዋል። ቅርንጫፉ ሲሳሳ ብርሃንና አየር ይገባል፣ መድኃኒት ቢረጭም ይዳረሳል፣ ፍሬውም እጅ በሚደርስበት ቁመት ይሆናል። ቅጠሉ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ካዩ የተቆረጠውን ወደ ሌላ ጊቢ አይውሰዱት።

ዋጋው ለአንድ ቤት ከበደ? ይህ መሣሪያ በዓመት ከጥቂት ቀን በላይ አይሠራም። ድንኳንና ድስት በጋራ የሚገዛ እድር ወይም አምስት ስድስት ጎረቤት አንድ መጋዝ አብሮ ቢገዛ ለሁሉም ይዳረሳል። አንድ ደንብ ብቻ ያስፈልገዋል፦ የተዋሰ ሰው ዘንጉን ከማንሳቱ በፊት ብሎኖቹን ያጥብቅ፤ ሲመልስም ምላጩን ጠርጎ ዘይት ይቀባ።