ሰኞን ባዶ ተዉልኝ

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ወዳለበት ጉባ የሚሄድ ቡድን አሶሳ ላይ አውቶቡስ ከመሳፈሩ በፊት የሚጠይቀኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፤ «እዚያ ስንት ሰዓት እንቆያለን?» እውነቱን ስናገር ቅር ይላቸዋል። ግድቡ ፊት የሚቆሙበት ጊዜ መንገዱ ከሚበላው ጊዜ ጋር ሲተያይ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በማለዳ ተነስቶ በሆሞሻና በሸርቆሌ በኩል መውጣት አለ። በየኬላው ወርዶ መታወቂያ ማሳየት፣ የፈቃድ ደብዳቤ ማስነበብ፣ ሙቀቱ ሲበረታ ውሃ ማደል አለ። ከዚያ ማብራሪያ፣ ፎቶ፣ ደግሞ መንገድ።

በጉዞ አስተባባሪነት ሥራ የቆየ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይገባዋል። ግድቡ እኔ ኖርኩም አልኖርኩም እዚያው ቆሟል፤ ማንም ሰው እሱን ስላሳየሁት ሊያመሰግነኝ አይገባም። ደንበኛው ለእኔ የሚከፍለው ከማየቱ በፊትና ካየ በኋላ ላሉት ሰዓታት ነው። እነዚያን ሰዓታት ማን ከማን ጋር ተቀምጦ፣ ምን እያወራና ምን እየበላ እንደሚያሳልፋቸው ያላሰበ አስተባባሪ ቲኬት ቆራጭ እንጂ ሌላ አይባልም።

ይህን የማነሳው ሰሞኑን የአሶሳ ሞተረኞች ቢሮዬ ስለመጡ ነው። ሰው የሚያመላልሱ፣ ዕቃ የሚያደርሱ፣ አንዳንዶቹም ሞተር የሚጠግኑ ወጣቶች ናቸው። እሁድ እሁድ ሻይ ቤት ተሰብስበው የሞቶ ጂፒን የሞተር ሳይክል ውድድር በዲሽ ያያሉ። ከመካከላቸው ደፈር ያለው፣ «ጋሼ፣ ስንቱን ጉባ አመላለሱ፤ እኛንስ ለውድድሩ ዶሃ ቢወስዱን?» አለኝ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ሳሰላው ግን የሚያስቅ ሆኖ አላገኘሁትም።

ከአዲስ አበባ ዶሃ በአውሮፕላን አራት ሰዓት ገደማ ነው። የሁለቱ ከተሞች ሰዓት አንድ በመሆኑ ሰዓት ማስተካከል እንኳ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ፣ በእንጅባራ፣ በቻግኒና በግልገል በለስ ዞሮ ጉባ ለሚመጣ ሰው ግን መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሰላም በሆነ ጊዜ እንኳ መንገድ ላይ ማደር አለ። መንገዱ የሚያልፍበት መተከል ጸጥታው በደፈረሰባቸው ዓመታት ደግሞ በዚያ በኩል ቡድን ይዞ መምጣት የሚታሰብ አልነበረም። እንዲያው በሰዓት ከቆጠርነው ባህር ማዶ ያለው ዶሃ ከራሳችን ጉባ ቀርቦ ተገኘ።

ልጆቹ የኳታሯን ዶሃ የመረጡት ያለምክንያት አይደለም። ይህ ውድድር ወደ አፍሪካ ይመጣ የነበረበት ዘመን ነበር። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ዌልኮም በምትባል የወርቅ ማዕድን ከተማ ያለው የፋኪሳ የውድድር መም እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሲያስተናግድ ቆይቷል። ቫለንቲኖ ሮሲ ለያማሃ የጋለበበትን የመጀመሪያ ውድድር እ.ኤ.አ. በ2004 ሚያዝያ ያሸነፈው እዚያ ነው። ለዌልኮም ግን የመጨረሻው ዓመት ሆነ። በዚያው ዓመት ኳታር ዝርዝሩ ውስጥ ገባች፣ ከአራት ዓመት በኋላም የመጀመሪያውን የሌሊት ውድድር በመብራት አደረገች። ከዚያ ወዲህ እኛ አካባቢ ላለ ሰው ቅርቡ ዶሃ አጠገብ ያለው የሉሳይል መም ነው።

እንግዲህ ጉባ ለሚሄዱት የምነግረውን ለእነሱም ነገርኳቸው፤ የምታዩት ትንሽ ነው። የሉሳይል አንድ ዙር 5.38 ኪሎ ሜትር ነው። ዋናው ውድድር 22 ዙር ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2025 ማርክ ማርኬዝ ሲያሸንፍ ከመነሻ እስከ መድረሻ 41 ደቂቃ ተኩል ገደማ ፈጅቶበታል። ፊት ለፊት ያለው ቀጥ ያለ መንገድ ከአንድ ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ሞተሮቹ እዚያ ላይ በሰዓት ከ340 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራሉ። ያ ማለት በአንድ ሴኮንድ 95 ሜትር ያህል ነው። ከተቀመጡበት ወንበር 300 ሜትሩ ወለል ብሎ ቢታይ፣ መሪው በየዙሩ ዓይናቸው ሥር የሚቆየው ሦስት ሴኮንድ ነው። በ22 አባዙት፤ አንድ ደቂቃ ከጥቂት ሴኮንድ ይወጣዋል። ለዚያች ደቂቃ ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የአውሮፕላን ቲኬት፣ አልጋ፣ የመግቢያ ክፍያ። ሻይ ቤት ቁጭ ብለው በዲሽ ቢያዩት ሙሉውን ያያሉ፣ ያውም ከአሥር አቅጣጫ።

እርግጥ ነው፣ የሚሄዱት ለእሁዷ ብቻ አይደለም። ዓርብ ልምምድ አለ። ቅዳሜ የመነሻ ቦታ የሚለይበት ሙከራ ይደረግና እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በተጨመረው አሠራር የግማሽ ርቀት አጭር ውድድር ይከተላል። እሁድ ደግሞ ከትልቁ በፊት የትንንሾቹ ሞተሮች ሁለት ውድድሮች አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ከፀሐይና ከጩኸት ጋር መዋል ነው። እኔ ግን ለደንበኛ የምነግረው ከትንሿ ነው፤ ተስፋውን ቀንሶ የሄደ ሰው ሲመለስ አይነጫነጭም።

ሒሳቡን ሲሰሙ ዝም አሉ። ከዚያ ጋራዥ የሚሠራው ልጅ፣ «እኔ የሚያልፈውን ሳይሆን የሚቆመውን ነው ማየት የምፈልገው» አለ። ከቀጥታው መጨረሻ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ፍሬን ሲይዙ ማለቱ ነው። የእነዚያ ሞተሮች የፊት ፍሬን ዲስክ ከካርቦን የተሠራ ነው፤ ካልጋለ በደንብ አይዝም። ልጁ ይህን ያውቃል። የጋላቢው ሰውነት እንዴት ከወንበሩ እንደሚነሳ፣ የኋላ ጎማው እንዴት ከመሬት እንደሚላቀቅ፣ እግሩን ወደ ውጭ ለምን እንደሚዘረጋ ይተነትን ጀመር። ሌላው የነዳጁን ነገር አነሳ። የነዳጅ ታንኩ 22 ሊትር ብቻ እንዲይዝ በደንብ ተወስኗል፤ የውድድሩ ርቀት 118 ኪሎ ሜትር ነው። ነዳጅ ማደያ ሲደርቅ በሃይላንድ እየገዛ የሚነዳ የአሶሳ ሞተረኛ ይህን ሲሰማ የሚሰማውን ሌላ ሰው አይሰማውም። «በዚያ እኔ ስንት ሳምንት እሠራበት ነበር!» አለ፤ ሁሉም ሳቁ። ይሄኔ ነው ሐሳቤን የቀየርኩት። ሦስት ሴኮንድ ለእነዚህ ልጆች ሦስት ሴኮንድ አይደለችም።

ይህን ልዩነት ያሳየኝ ጉባ ነው። ሁለት ዓይነት ቡድን ወስጃለሁ። አንደኛው በጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል መሥሪያ ቤቱ «ለሠራተኛው መነቃቃት» ብሎ የሚልከው ነው። እንዲህ ያለው ቡድን ዳር ላይ ቆሞ በየተራ ፎቶ ይነሳል፣ 145 ሜትር ቁመትና 1,780 ሜትር ርዝመት ሲባል አንድ ጊዜ «ዋው» ይላል፣ ከዚያ ጥላ ፍለጋ ነው። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ማቀዝቀዣ እንዲለቅ የሚያስለምነኝ እሱ ነው። አልፈርድበትም፤ የጉባ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ የሚሆንባቸው ቀናት አሉ።

ሁለተኛው ከኪሱ አዋጥቶ የሚመጣ ነው። ከሁሉም የማይረሱኝ ጡረታ የወጡ መምህራን ናቸው። መሠረቱ መጋቢት 24 ቀን 2003 ሲጣል ማስተማር ላይ ነበሩ፤ የወር ደመወዛቸውን ለዓመት እየከፋፈሉ ሰጥተዋል፣ ቦንድ ገዝተዋል፣ በኋላም በ8100 መልእክት ልከዋል። አብረው ያሳለፉት 14 ዓመት ስለነበር መንገዱ አልረዘመባቸውም። ማን ስንት እንዳዋጣ፣ ማን አልሰጥም ብሎ ከርዕሰ መምህሩ ጋር እንደተጣላ፣ የግድቡን ሥራ አስኪያጅ የኢንጂነር ስመኘው በቀለን ሞት በሐምሌ 2010 የት ሆነው እንደሰሙ እያወሩ መጡ። ግድቡ ጋ ሲደርሱ ለአስረጂው ጥያቄ አበዙበት። ከ13ቱ ተርባይኖች የመጀመሪያው የካቲት 13 ቀን 2014 ኃይል ማመንጨት ሲጀምር በቴሌቪዥን ስላዩ፣ «የትኛው ነው እሱ?» እያሉ ያስጠቁማሉ። የግድቡን ሐይቅ በሌላ በኩል የሚገታውን የኮርቻ ግድብ ካላየን አንሄድም ብለው ፕሮግራሜን አፈረሱብኝ። ጊዜው ለሁለቱም ቡድን እኩል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቡድን ሲመጣልኝ አስቀድሜ የምጠይቀው ስንት ሰው እንደሆነ አይደለም። ጉዳዩ ውስጥ ምን አላችሁ እላለሁ። ከሌላቸው እፈጥርላቸዋለሁ፤ ከመሄዳችን በፊት ባለው ሳምንት ስለ ቦታው የሚያውቅ ሰው አስመጥቼ አወያያለሁ፣ ስለ ጉሙዝና ስለ በርታ ሕዝብ አኗኗር፣ ስለ ሐይቁ፣ ስለ አባይ ጉዞ። አንዳንዶቹ ትርፍ ወጪ ነው ይላሉ። ለእኔ ከአውቶቡሱ ጎማ እኩል አስፈላጊ ነው።

ሌላ ጉባ ያስተማረኝ ነገር አለ። በሙሌቱ ዓመታት፣ ከ2012 ክረምት ጀምሮ፣ ውሃው በግድቡ መሃል ዝቅ ብሎ በተተወው ክፍል ላይ እየዘለለ ሲወርድ አገር ሁሉ በቴሌቪዥን አይቷል። ሰው በልቡ ይዞት የሚመጣው ያንን ነው። ግንባታው ሲያልቅ መሃሉ ከፍ ብሏል፤ ውሃው የሚወጣው በታች በተርባይኖቹ ነው፣ ሐይቁ ሞልቶ ሲተርፍም በማስተንፈሻዎቹ። በበጋ የመጣ እንግዳ ደረቅ ግንብ አይቶ፣ «ውሃው የታለ?» ይለኛል። ውሃው ከግንቡ ጀርባ ነው፤ ንጋት ሐይቅ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል። እንግዳዬ ግን ሊያይ የመጣው የሚዘለውን ነው። ትርዒት ለጎብኚ ብሎ ቀጠሮ አያከብርም፤ ይህን አስቀድሞ ያልተናገረ አስተባባሪ እዚያው ግድቡ ላይ ከደንበኛው ጋር ይጨቃጨቃል።

ውድድርም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሉሳይል ላይ እሁድ ሊደረግ የነበረው ዋናው ውድድር ሊጀመር ሲል ዝናብ ጣለ። በረሃ መሃል! እርጥብ አስፋልት የሌሊቱን መብራት እያንጸባረቀ የጋላቢዎቹን ዓይን ስለሚወጋ ውድድሩ ወደ ሰኞ ተዛወረ። እሁድ ሌሊት የሚመለስ አውሮፕላን የያዘ ቡድን ምን እንደሆነ አስቡት። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትልቁ ምድብ ጭራሽ ሳይካሄድ ቀረ፤ የሮጡት ትንንሾቹ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ለልጆቹ ያቀረብኩት የመጀመሪያው ቅድመ ሁኔታ ሰኞን ባዶ ተዉልኝ የሚል ነው። አንድ ተጨማሪ ሌሊት አልጋ መክፈል ያማል፤ ግን ዝናብ ካልጣለ የዶሃን ገበያ ይዞሩበታል።

ሁለተኛው የምግብ ነው። የ2025ቱ ውድድር የዋለው በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 5 ቀን 2017፣ በሆሳዕና እሁድ ነበር። ልጆቹ ግማሾቹ ሙስሊሞች፣ ግማሾቹ ክርስቲያኖች ናቸው። ለሙስሊሞቹ ዶሃ ላይ ምንም ችግር የለም። ሁዳዴን ለሚጾመው ግን ሦስት ቀን ሙሉ መም ዳር ምን ይብላ? ሽሮና በሶ ከቤት ይዘን እንሂድ ተባለ፤ እኔም አልተቃወምኩም። ጉባ የሚሄደውንም ቡድን የማስታርቀው በምሳ ዕቃና በአሶሳ ማንጎ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ገንዘቡ ነው። ዕቁብ እንጣል አሉ፤ ዕቁብ ለአገር ውስጥ ጉዞ ከእሱ የተሻለ ነገር የለም። የውጭ ጉዞ ወጪ ግን በዶላር ነው የሚቆጠረው። በሐምሌ 2016 የምንዛሬው ሥርዓት ሲለወጥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲሆን አይተናል። በብር የሚጠራቀም ዕቁብ መጨረሻው ዙር ላይ የደረሰው ሰው ቲኬቱን አይገዛም፤ ግማሹን ይገዛል። ስለዚህ ዕቁቡ በዕጣ ለአንድ ሰው አይውጣ አልኳቸው። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ገንዘብ የሁሉንም የአውሮፕላን ቲኬት ይክፈል፤ አየር መንገዶች አሥርና ከዚያ በላይ የሆነን መንገደኛ እንደ ቡድን ስለሚያስተናግዱ በአንድ ላይ መግዛት ያዋጣል። አልጋውና መግቢያው ቀጥሎ ይምጣ። «ይሄማ ዕቁብ አይደለም፣ መዋጮ ነው» ብሎ ያጉረመረመ አለ። ልክ ነው። ዕቁብ ያሉት የሚያስቀር ሰው እንዳይኖር ነው፤ መዋጮ ሲባል ሰው ይጠፋል፣ ዕቁብ ሲባል ግን ያፍራል።

ሦስተኛ ቅድመ ሁኔታዬ አከራከረን። ስጠይቃቸው ከመካከላቸው ጉባን ያዩት ሦስት ወይም አራት ናቸው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀውን ግድብ፣ እዚሁ ክልላቸው ያለውን፣ ቀሪዎቹ በስልክ ነው ያዩት። ቡድኑ ዶሃ ከመሄዱ በፊት አብሮ ጉባ ደርሶ ይመለስ አልኩ። ዘጠኝ ሰው ታክሲ ውስጥ ሲጠበቅ ማን ሻይ ላይ እንደሚያረፍድ፣ ማን ሙቀት እንደማይችል፣ ማን ሲደክመው እንደሚቆጣ እዚህ ባውቀው ይሻለኛል፤ ውጭ አገር ላይ ማወቅ ውድ ነው። የዕቁቡ ሰብሳቢ ወዲያው ተስማማ። ሌሎቹ ግን በአውቶቡስ አንሄድም፣ በገዛ ሞተራችን ነው የምንሄደው ብለዋል። መንገዱ ረጅም ነው፣ ኬላ ይበዛል፣ ነዳጅ መንገድ ላይ አይገኝ ይሆናል ብዬ ተከራክሬያለሁ። ጋራዥ የሚሠራው ልጅ መለዋወጫና ካላማዳሪያ ይዞ ከኋላ እንደሚከተል ነግሮኛል። የመታወቂያቸውን ኮፒ ሰብስቤ የፈቃድ ደብዳቤውን ጀምሬያለሁ፤ የሞተሮቹ ሰሌዳ ቁጥር ይግባ አይግባ ዓርብ ያሳውቁኛል።