ጭድ የጭቃ ብረት ነው

በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ በቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ፎቅ ሲሠራ ያየ ሰው፣ ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ብረት ተገጣጥሞ ሲታሰር መመልከቱ አይቀርም። ኮንክሪት ጭነትን በሚገባ ቢሸከምም ሲሳብ ይሰነጠቃልና፣ ስንጥቁ እንዳይሰፋ የሚይዘው ብረቱ ነው። ገበሬው ጭቃን በጤፍ ጭድ ሲያቦካ የሚፈጽመው ሥራም ከዚህ የተለየ አይደለም።

የአፈሩ ጠባይ ግን ይለያያል። በቦሌና በአካባቢው የሚገኘው ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አሸዋማው አፈር ደግሞ አያያዥ ሸክላ ስለሚያንሰው ይፈረፈራል። በሁለቱም ረገድ ጭድ ወይም ቃጫ አፈሩን አሻግሮ ስለሚይዝ ግድግዳው በአንድ ጊዜ ተሰብሮ አይወድቅም። ሆኖም ለአሸዋማው ጭድ ብቻውን አይበቃም፤ ሸክላ አፈር ሊጨመርበት ያስፈልጋል።

ስለዚህ መጋዘን ወይም ጽሕፈት ቤት ለመሥራት ያቀደ ማኅበር አስቀድሞ አፈሩን መፈተን ይገባዋል። እርጥብ አፈር በመዳፍ እየተሸ እንደ ጣት ሲረዝም ወዲያው የሚቆራረጥ ከሆነ አሸዋ በዝቶበታል። በጠርሙስ ውሃ ተበጥብጦ ሲቀመጥም አሸዋው ፈጥኖ ይዘቅጣል፣ ሸክላው ዘግይቶ ከላይ ይተኛል። ጭዱ ከጭቃው ጋር በእግር ተረግጦ ጥቂት ቀናት እርጥብ ሆኖ ከከረመ በኋላ ቢመረግ ይበልጥ ይያያዛል። ቃጫ ሲሆን፣ በምርምር ብዙ ጊዜ የሚፈተነው መጠን ለ100 ኪሎ አፈር ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ ነው። ከልክ ካለፈ እርስ በርሱ ተጠቅልሎ ግድግዳውን ያደክማል።

ችግሩ ጭድ የበሬም ቀለብ መሆኑ ነው። በአውድማ ወቅት ለግንባታ የሚሆነው ካልተለየ፣ በበጋው ማለቂያ ከብቱ ጨርሶት ይገኛል፤ ከበሬ አፍ ነጥቆ መውሰድም እርሻውን መጉዳት ነው። እንግዲህ የማኅበር መሪዎች ስለ መጋዘኑ መምከር ያለባቸው ክረምት ሲቃረብ ሳይሆን ጤፉ በሚወቃበት ጊዜ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር ጭድ እርጥበት ካገኘው እንደሚበሰብስ መዘንጋት የለበትም። ጥቁሩ አፈር ተጠርጎ የድንጋይ መሠረት በጠንካራ መሬት ላይ ካልቆመ፣ የጣሪያውም ክፈፍ ዝናቡን ከግድግዳው ካላራቀ፣ የጭዱ ድካም ከንቱ ይሆናል፤ የሚበላሸውም ግድግዳው ብቻ ሳይሆን በውስጡ የተከማቸው የአባላቱ እህል ነው።