ባክቴሪያ ገዳዩ መድኃኒት የሳንባን ብግነት ሲያበርድ

በቶሮንቶ መሀል ከተማ፣ ሴንት ጄምስ ታውን በሚባለው ሰፈር ተጠጋግተው በቆሙት ረጃጅም ሕንፃዎች ውስጥ ከመላው ዓለም የመጡ ስደተኞች ይኖራሉ፤ ኢትዮጵያውያንም ከነዋሪዎቹ መካከል ናቸው። ከአማራ ክልል የሄደ ሰው አዚትሮማይሲን የተባለውን መድኃኒት የሚያውቀው ምናልባት በትራኮማ መከላከያ ዘመቻ ነው። ካናዳ ውስጥ ግን ሐኪም ያንኑ መድኃኒት ሥር ለሰደደ የሳንባ ሕመም ለወራት እንዲወሰድ ሊያዝ ይችላል። ትኩሳት ለሌለው ሰው አንቲባዮቲክ ለምን ይታዘዛል?

መልሱ ያለው በሰውነት የመከላከል ሥርዓት ውስጥ ነው። ሳንባ በተሕዋስያን ወይም በጭስ ሲጎዳ ኒውትሮፊል የተባሉ ነጭ የደም ሴሎች ወደ ስፍራው ይጎርፋሉ። ጀርሞችን የሚያጠፉበት ኬሚካል ግን የሳንባውንም ሥጋ ይጎዳል። ጎርፉ ካልቆመ የመተንፈሻ ቧንቧዎች ያብጣሉ፣ አክታ ይበዛል፣ ጠባሳም ይቀራል። አዚትሮማይሲን፣ ኢሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን የሚገኙበት የማክሮላይድ ቤተሰብ ኒውትሮፊሎችን የሚጠሩትን ኬሚካላዊ መልእክቶች ይቀንሳል፤ የአክታን መብዛት ይገታል፤ የሞቱ ሴሎች እንዲጸዱም ያግዛል።

ይህ ጎልቶ የታየው በጃፓን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሾጂ ኩዶና ባልደረቦቻቸው ዲፊዩዝ ፓንብሮንኪዮላይቲስ የተባለ ገዳይ የሳንባ በሽታ ላለባቸው ሰዎች አነስተኛ መጠን ያለው ኢሪትሮማይሲን ለረጅም ጊዜ ሰጡ። በብዙዎቹ ሕሙማን አክታ ውስጥ የነበረውን ሱዶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ መድኃኒቱ በዚያ መጠን አይገድለውም፤ ሕሙማኑ ግን ተሻላቸው። ከሕክምናው በኋላ አሥር ዓመት የሚኖሩት ሕሙማን ከ90 በመቶ በላይ ሆኑ።

ሌሎች ጥናቶችም ተከተሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ 1,142 ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመምተኞች በተሳተፉበት ጥናት፣ በየቀኑ አዚትሮማይሲን በወሰዱት ላይ የሕመሙ ማገርሸት በአንድ ሰው በዓመት ከ1.83 ወደ 1.48 ዝቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በአውስትራሊያ አስም በነበረባቸው 420 አዋቂዎች ላይ ከ1.86 ወደ 1.07 ወረደ።

በአገራችንም መድኃኒቱ ከዓይን ሕክምና ያለፈ ጥቅም አሳይቷል። በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው የትራኮማ ጥናት፣ አዚትሮማይሲን በታደለባቸው ቀበሌዎች ከ1 እስከ 9 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የመሞት ዕድል በግማሽ ገደማ ቀንሶ አግኝቷል። ልጆቹን ያዳነው የባክቴሪያ መሞት ይሁን የብግነት መቀነስ ጥናቱ አልለየም።

ሆኖም መድኃኒቱ ለሁሉም ብግነት ፍቱን አይደለም። በኮቪድ-19 ወቅት ብዙዎች ተስፋ ጥለውበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመውና ሆስፒታል የገቡ ከ7,700 በላይ ሕሙማን የተሳተፉበት የብሪታንያው ሪከቨሪ ጥናት ግን ሞትን እንዳልቀነሰ አረጋገጠ።

ስለዚህ ከዘመድ የተረፈ ወይም ከአገር ቤት የመጣ ክኒን ለሳል መዋጥ አደጋ አለው። አዚትሮማይሲን የልብ ምትን ሊያዛባ፣ የመስማት ችሎታን ሊቀንስ ይችላል፤ ያለአግባብ ሲወሰድም ባክቴሪያዎች ይላመዱታል። ለረጅም ጊዜ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሞች የልብ ምርመራ ያደርጋሉ፤ አክታንም ይመረምራሉ፤ የሳንባ ነቀርሳን የሚመስሉ ሌሎች ጀርሞች ካሉ መድኃኒቱን ብቻውን መውሰድ ጀርሞቹ እንዲላመዱት ያደርጋል። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ደግሞ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል፣ ምርመራ እንጂ የጎረቤት ክኒን አያሻውም። ሐኪም ካዘዘው ግን «ትኩሳት የለኝም» ብሎ ማቋረጥ አይገባም፤ የሚወሰደው ትኩሳትን ለማውረድ ሳይሆን ሳንባ በራሱ እሳት እንዳይቃጠል ነውና።