ሱቃችንና ሰፈራችን

በዛሬው ዝግጅታችን ስለ አነስተኛ ንግድ እናወጋለን። በተለይም በከሚሴና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ትንሽ ሱቅ ከፍተው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ወንድሞችና እህቶች ንግዳቸው ከሰፈራቸው ሰው ጋር በምን እንደሚተሳሰር እናያለን።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። ጤፉ፣ ማሽላው፣ ከብቱ፣ ከአፋር በኩል የሚነዳው ግመልና ፍየል ሁሉ በዚህ አገር ይገናኛል። የሰንበቴ እሑድና የባቲ ሰኞ ገበያዎች ኦሮሞውን፣ አማራውን፣ አርጎባውንና አፋሩን ለዘመናት ሲያገበያዩ ኖረዋል። ነገር ግን ወደ ሰፈር ሱቆች ስንመጣ አሥሩም ሱቅ የሚሸጠው ያንኑ ስኳር፣ ያንኑ ዘይት፣ ያንኑ ሳሙና ነው። ዋጋውም እምብዛም አይለያይም። ታዲያ ደንበኛው ዘጠኙን አልፎ አንዱ ዘንድ የሚገባው ለምንድን ነው?

ባለሱቁን ስለሚያውቀው ነው። አባቱ የሞቱ ዕለት ጀናዛ ተከትሎ አይቶታል፤ ሚዛኑን ፈትኖታል፤ ልጁን ልኮ መልሱ ሳይጎድል መጥቶለታል።

በወሎ ምድር ቅሬ የሌለው ሰው ሰው የለውም። ሰው ሲሞት የቅሬው አባላት ሥራቸውን ትተው ይወጣሉ፤ መቃብሩን ይቆፍራሉ፤ ለቀንተኛው ምግብ ያቀርባሉ፤ መዋጮውን ያዋጣሉ። በብዙ ቦታ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ይቀባበራሉ። ዛሬ ግን አንዳንድ ወጣት ነጋዴዎች «ግማሽ ቀን ሱቅ መዝጋት ኪሳራ ነው» ብለው መዋጮውን ልከው ይቀራሉ። እኛ ይህን ስህተት ነው እንላለን። የግማሽ ቀኑ ሽያጭ ነገ ይገኛል፤ ቀብር ላይ የታጣ ሰው ግን ቶሎ አይረሳም።

እዚህ ላይ ግን ኒያችንን እንፈትሽ። ጀናዛ መከተል የሙስሊም በሙስሊም ላይ ያለ ሐቅ ነው። ስኳር ለመሸጥ ብሎ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ዒባዳውን አበላሽቶታል፤ ሰውም ነገሩ ይገባዋል። ለአላህ ብሎ የሚወጣ ሰው የሰው ፍቅር ቢያተርፍ ግን ከአላህ ፀጋ ነው።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ውስጡን እርጥብ ሆኖ ማግኘታቸውን በሐዲስ እናገኛለን። ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ሲናገር፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገው ነበር የጠየቁት። የእኛም ማሽላ አንዳንዴ ዝናብ ይመታዋል። ደረቁን ከላይ፣ ነቀዝ የገባውን ከሥር የሚያደርግ ነጋዴ በየቅሬው ቢዞር ምን ይጠቅመዋል?

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ብዙ ሙስሊም ቤተሰብ ወለድ ፈርቶ ከባንክ አይበደርም። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት እንዲሰጡ ተፈቅዷል፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ጀምሯል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም አንድ መደርደሪያ ላላት እህታችን የቅርብ ባንኳ ዛሬም እቁብ ነው።

ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ 500 ብር ቢጥሉ ዕጣው 10,000 ብር ይሆናል። መጀመሪያ የደረሰው ሰው ከ10,000 ብሩ 500ው የራሱ ሲሆን፣ 9,500 ብሩ ከአሥራ ዘጠኝ ሰዎች ያለ ወለድ የተበደረው ነው። የመጨረሻው ባለዕጣ ደግሞ አበድሮና ቆጥቦ ቆይቷል። ይህ የሚሆነው ሃያዎቹ ስለሚተዋወቁና ዋስ ስለሚጠራሩ ነው። በመካከሉ ግን አንድ አደገኛ ልማድ አለ፤ ዕጣ መሸጥ። የደረሰው ሰው 10,000 ብሩን ለቸገረው ሰው በ9,000 ብር ይለቅለትና 1,000 ብሩን ያስቀራል። ገንዘብ በገንዘብ ሲለወጥ ጭማሪ ከገባበት ከሪባ በምን ይለያል? ተራውን በነፃ የሚለቅ ግን ሰደቃ አድርጓል።

ሌላው የእቁብ ጣጣ ከአቅም በላይ መግባት ነው። በሳምንት 600 ብር አትርፎ 400ውን ለቤት የሚያወጣ ሰው የ500 ብር እቁብ ቢገባ፣ በየሳምንቱ 300 ብር ከዋናው ገንዘብ እየቀነሰ ይጥላል። ዕጣው እስኪደርሰው መደርደሪያው ይራቆታል። 150 ብር ይበቃው ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ዱቤ ነው። ጎረቤትን «የለኝም» ማለት ያሳፍራል፤ እኛም ተቸግረንበታል። ገበሬው ዱቤ የሚወስደው በክረምት ነው፤ የሚከፍለው ማሽላው ሲገባ ከኅዳር ወዲያ ነው። የኮምቦልቻው አከፋፋይ ግን ሒሳቡን በሁለትና በሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ብዙ ሱቅ የሚዘጋው በዚህ ክፍተት ነው፤ ደንበኛ ሞልቶለት፣ ደብተሩም በስም ተጨናንቆ ይከስራል። ስለዚህ ለዱቤ የሚለቀቀው ገንዘብ እስከ መኸር ቢቆይ ሱቁን የማይዘጋ ያህል ብቻ ይሁን። ቁርአን ዕዳን መጻፍ ያዛል፤ የቁርአን ረጅሙ አንቀጽ በሱረቱል በቀራህ የሚገኘው ስለዚሁ ነው። መጻፍ አለመተማመን አይደለም። ያጣ ሰው ይታገሡት፤ እያለው የሚያጓትት ግን በዳይ መሆኑ በሐዲስ ተነግሯል። ቀኑ አለፈ ብሎ ዕዳው ላይ መጨመር ደግሞ ሪባ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከሚሴ በደረሰ ጊዜ ንግድ ተቋርጦ ነበር። ከእንዲህ ያለ ጊዜ በኋላ ባዶ መደርደሪያ ይዞ የሚነሳ ሰው የሚቀረው ስሙ ነው። አከፋፋዩ «የእሱ ቃል ይበቃኛል» ብሎ ሁለት ካርቶን ከለቀቀለት ይጀምራል፤ ያለዚያ ሌላ ዋስ ይፈልግ።

አብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) ወደ መዲና ሲሰደዱ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወንድም ያደረጓቸው ሰዕድ ኢብን ረቢዕ (ረ.ዐ) ግማሽ ሀብታቸውን ሊያካፍሏቸው አቀረቡ። እሳቸው ግን ባረካ እንዲሆንላቸው ዱዓ አድርገው የገበያውን መንገድ ብቻ ጠየቁ፤ በደረቅ አይብና በቅቤም ጀመሩ። መስጠቱም አለመጠበቁም የታየው በአንድ ቤት ነው።

የእኛ ልጆች ግን በዓረብ አገር ለፍተው ገንዘብ ሲልኩ፣ አገር ቤት ያለው ወንድም ሱቅ ይከፍታል፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ጠብ ይመጣል። ብድር ይሁን ስጦታ ወይም ሽርክና አልተነገረምና። ሙዷረባ ከሆነ ትርፉ በድርሻ ይከፈላል፤ ለምሳሌ እኩል፣ ወይም ሲሶ ለአንዱ። «በወር ይህን ያህል ብር ቁርጥ» ማለት አይቻልም። ኪሳራ ቢመጣ፣ ሠራተኛው እስካላጠፋ ድረስ፣ ገንዘቡ ከባለገንዘቡ ድካሙ ከሠራተኛው ይቀራል። ይህን በአንድ ገጽ ጽፎ፣ ሁለት የቅሬ ሽማግሌ አስፈርሞ፣ አንዱን ቅጂ ለእናት መስጠት ነው። የላከችው እህት ከጂዳ በስልክ እየሰማች ይነበብላት።