ያልተበላ ጥርስ ለምን ይነቀላል?

ጥርስዎን ሲቦርሹ የተፉት ውሃ ቀላ ብሎ አይተው ያውቃሉ? ምናልባት ዛሬ ጧት ለሥራ ሲጣደፉ አይተውት፣ «ብሩሹ ወጋኝ መሰለኝ» ብለው አልፈውት ይሆናል። የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዚችው ጥቂት ደም ላይ ነው።

በአንድ የጥርስ ሕክምና ክፍል ተራ ስጠብቅ ከጎኔ የተቀመጡ የሦስት ልጆች እናት ያጫውቱኝ ጀመር። በልብስ ስፌት ፋብሪካ የሚሠሩ፣ ዕድሜያቸው ወደ አርባ የሚጠጋ ሴት ናቸው። ሲስቁ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ይወስዳሉ። «ድዴ ሲደማብኝ ጊዜ ያንን ቦታ መቦረሹን ተውኩት። በዚያ በኩል ማኘኩንም ተውኩት። ይረፍ ብዬ ነው እህቴ» አሉኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለት የታች ጥርሶቻቸው ይነቃነቁ ጀመር። ሐኪሙም እነዚህ ጥርሶች መነቀል አለባቸው ብለዋቸዋል። ለሴትዮዋ ያልተዋጠላቸው ይህ ነው። «አንዱም እኮ አልተበላም፤ ቀዳዳ የለው፣ ሌሊት አልጠዘጠዘኝ። ደህና ጥርስ እንዴት ይነቀላል?»

ጥያቄያቸው የብዙዎቻችን ጥያቄ ነው። ጥርስ የሚጠፋው ተበልቶ ብቻ ይመስለናል። ዳሩ ግን ጥርስ እንደ አጥር እንጨት ነው፤ እንጨቱ ምንም ሳይሆን ሥሩ ያለው አፈር ቢሸረሸር መውደቁ አይቀርም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት እንደገለጸው፣ በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰዎች የከፋ የድድ በሽታ አለባቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከቀላል ነው። በአፋችን ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በጥርስና በድድ መጋጠሚያ ላይ ተሰባስበው ስስና የሚያጣብቅ ሽፋን ይሠራሉ። ምላስዎን በጥርስዎ ላይ ሲያስኬዱ ሻከር ብሎ የሚሰማዎት እሱ ነው። ይህ ሽፋን በየቀኑ ካልተጠረገ ድዱን ያስቆጣዋል። ድዱ ያብጣል፣ ይቀላል፣ በትንሽ በትልቁ ይደማል። ሽፋኑ ሲሰነብትም ከምራቅ በሚያገኘው ማዕድን ይጠጥርና ብሩሽ የማያስለቅቀው ድንጋይ ይሆናል፤ ሐኪሞች ታርታር የሚሉት ይህንን ነው። ቁጣው ወደ ውስጥ ከዘለቀ ድዱ ከጥርሱ እየተላቀቀ በመካከላቸው ኪስ የመሰለ ክፍተት ይፈጠራል፤ ጥርሱን የያዘው የመንጋጋ አጥንትም ቀስ በቀስ ይመናመናል። ክፋቱ ይህ ሁሉ ብዙውን ጊዜ ያለ ሕመም መከናወኑ ነው። የሄደ አጥንት ደግሞ በአብዛኛው አይመለስም።

ወደ አጥንቱ ያልዘለቀ የድድ ቁጣ ግን ይመለሳል። የኖርዌይ ተወላጁ የጥርስ ሐኪም ሐራልድ ሎና ባልደረቦቻቸው በዴንማርክ በኦርሁስ ከተማ ያደረጉትን ሙከራ በ1965 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ድዳቸው ጤናማ የሆነ 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ ተደረገ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳቱን እንደገና ሲጀምሩ በአንድ ሳምንት ገደማ ድዳቸው ወደ ጤንነቱ ተመለሰ።

እንግዲህ የሚደማው ቦታ እንዲያርፍ የሚተው ሳይሆን፣ ከሌላው ይበልጥ መጽዳት ያለበት ቦታ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደሙ ቢቀጥል አይደንግጡ። በደንብ እያጸዱ ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላም ካልቆመ ወደ ጥርስ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ብሩሹ ለስላሳ ይሁን። እንደ ድስት መፈግፈግ ድዱን ያቆስላል እንጂ አያጸዳም። የብሩሹን ፀጉር ወደ ድዱ ጠርዝ ዘንበል አድርገው፣ በትንሽ በትንሹ እያንቀሳቀሱ፣ የውስጡንና የኋለኛውን መንጋጋ ሳይረሱ ሁለት ደቂቃ ያህል ይቦርሹ። ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ይምረጡ። ብሩሽ የማይገባበትን የጥርስ መካከል በጥርስ ክር ያጽዱ። ይህን በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተለይም ማታ ማድረግ ያሻል። «ሥራ ውዬ፣ እራት ሠርቼ፣ ልጆች አስተኝቼ ምን ጉልበት ይተርፈኛል?» ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ እኔም ብሩሹን ሳላየው የተኛሁበት ሌሊት ጥቂት አይደለም። የረዳኝ ከልጆቹ ጋር አብሮ መቦረሽ ነው።

ብሩሽ የለኝም ብሎ መተውም አይገባም። የወይራና የክትክታ መፋቂያችን በአግባቡ ከተያዘ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅትም በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በተለመደበት አገር ሁሉ እንዲሠራበት አበረታቶ ነበር። ጥፋቱ የእኛ አያያዝ ነው። መንገድ ለመንገድ እየሄድን የፊት ጥርሳችንን ብቻ እንፍቃለን፤ የኋላው ተረስቶ ይቀራል። ጫፉን እስኪለሰልስ አኝከው፣ ተረጋግተው፣ ጥርሶቹን በየተራ ያዳርሱ።

ድድ ሲደማ ሎሚ የሚያሹ አሉ። የሎሚው ኮምጣጣነት የጥርሱን ሽፋን ስለሚበላ ቢቀር ይሻላል። ለብ ባለ ውሃ ጨው በጥብጦ መጉመጥመጥ ያስታግሳል፤ የተጋገረውን ግን አያነሳም። የቫይታሚን ሲ እጥረት ሲከፋ ድድን እንደሚያደማ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ጥርሱ ሳይጸዳ ክኒን ብቻ መዋጥ ለብዙዎቻችን መፍትሔ አይሆንም።

በእርግዝና ጊዜ የሰውነት ቅመም ለውጥ ድዱን ይበልጥ ቁጡ ስለሚያደርገው ለወትሮው የማይደማው ይደማል። «ፅንሱ ጥርሴን ወሰደብኝ» ማለት ግን ስሕተት ነው፤ ፅንስ ከእናቱ ጥርስ ካልሲየም አይወስድም። ነፍሰ ጡር መሆንዎን ለሐኪሙ ነግረው መታከም ይችላሉ። የስኳር በሽታ ያለበት ሰውም ድዱ በቀላሉ ይጎዳል፤ የተጎዳው ድድ ደግሞ በተራው ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል።

በተለይ በሰሜን የአገራችን ክፍል ድድን መነቀስ ለውበትም ለመድኃኒትም ተብሎ ሲሠራበት የኖረ ልማድ ነው። ለውበቱ እኔ አልከራከርም። ለሚደማ ድድ ግን ንቅሳት ከሥር ያለውን ቆሻሻ አያነሳም፤ መርፌው ከሰው ወደ ሰው ከዞረም ኤች አይ ቪንና የጉበት በሽታን ያስተላልፋል። ድድዎ አስቀድሞ የተነቀሰ ከሆነ መቅላቱ በጥቁሩ ቀለም ስለሚሸፈን በመስታወት አይተው አይፍረዱ፤ የሚተፉትን ውሃ ይመልከቱ። ሲጋራ የሚያጨሱ ባለቤት ካሉዎት ደግሞ «የእኔ አይደማም» ሲሉ ወዲያው አይመኑ። ትምባሆ በሽታው እያለ ደሙን ይደብቃል።

ወደ እኒያ እናት ልመለስ። ሐኪሙ የቀሩት ጥርሶቻቸው እንዲታጠቡ ቀጠሮ ሲሰጧቸው አመነቱ። «እጥበቱ ራሱ ጥርስ ያላላል ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉ። ሐኪሙም የሚያላላው እጥበቱ እንዳልሆነ አስረዷቸው። ድንጋዩ ክፍተቱን ሞልቶ ይይዘዋል፤ ሲነሳ ቀድሞም የነበረው መላላት ይገለጣል፤ ድዱ ሲያገግም ግን ጠበቅ ይላል። ሴትዮዋ ጥቂት አሰቡና ቀጠሮው ከሰዓት በኋላ ፈረቃ ወደሚገቡበት ሳምንት እንዲዛወርላቸው ጠየቁ። ሐሙስ ጧት ሦስት ሰዓት ተባሉ።