ሁለተኛ ሽጉጥ ያስፈልጋችኋል?

አሜሪካ ውስጥ ራሱን ለመከላከል ሽጉጥ ለመታጠቅ የወሰነ ሰው ብዙም ሳይቆይ ሌላ ምክር ይከተለዋል፦ «አንዱ ቢነክስብህስ? ትንሽ ተጠባባቂ ቁርጭምጭሚትህ ላይ እሰር።» ሌሊት ሱቅ ለሚዘጋ ወይም ታክሲ ለሚነዳ ወገናችን ምክሩ ልብ የሚያሳርፍ ይመስላል። እኔ ግን ፖሊስ ላልሆነ ሰው ሁለተኛው ሽጉጥ ከሚመልሰው አደጋ የሚያመጣው ይበዛል ባይ ነኝ።

ምክሩ ከባዶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 1986 ማያሚ አካባቢ የኤፍቢአይ ወኪሎች የሁለት ባንክ ዘራፊዎችን መኪና ገጭተው ሲያስቆሙ፣ አንዱ ወኪል በግጭቱ ዋና መሣሪያው ከእጁ ወጣ። አምስት ጥይት የምትጎርሰውን ተጠባባቂ ሪቮልቨሩን መዝዞ ተዋጋ፤ ጥይቱን ጨርሶ እንደገና ሲያጎርስ እጁን ተመታ። በዚያ ቀን ሁለት ወኪሎች ሞቱ፣ አምስት ቆሰሉ፣ ዘራፊዎቹም ተገደሉ። ለተጠባባቂ ሽጉጥ ከዚህ የጠነከረ ማስረጃ አይገኝም። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ወንጀለኛ አሳደው የማስቆም ግዴታ ነበረባቸው፤ መሸሽ ሥራቸው አልነበረም። ባለሱቁ ወይም ሹፌሩ ግን ገንዘቡን ሰጥቶ፣ በር ዘግቶ ወይም መኪናውን አስነሥቶ ከወጣ አሸንፏል። የፖሊስን ትጥቅ የፖሊስ ሥራ ለሌለው ሰው መገልበጥ ስሌቱን ያበላሻል።

ቁጥሩም ይህንኑ ይናገራል። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2011 በተሰበሰበው የአሜሪካ የወንጀል ተጎጂዎች ጥናት መሠረት፣ ተጎጂው ከወንጀለኛው ጋር ፊት ለፊት ከተገናኘባቸው ወንጀሎች መሣሪያ ተጠቅሞ ራሱን የተከላከለው ከ1 በመቶ ባነሱት ነው። ሁለተኛው ሽጉጥ የሚያስፈልገው ደግሞ ከዚያችው ጥቂት ውስጥ የመጀመሪያው ሲከዳ ብቻ ነው። በሌላ በኩል በ2021 በአሜሪካ በጦር መሣሪያ ከሞቱት 48,830 ሰዎች 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። በ2020 የታተመ የካሊፎርኒያ ጥናትም ሽጉጥ ያላቸው ወንዶች ከሌላቸው ይልቅ በጦር መሣሪያ ራሳቸውን የማጥፋት ዕድላቸው 8 እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። አደጋው በሽጉጦቹ ቁጥር ልክ ይባዛል ማለቴ አይደለም፤ ለዚህ ጥፋት አንዱ ብቻውን ይበቃል። ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ መሣሪያ ተጨማሪ ቁልፍና ተጨማሪ ንቃት ይጠይቃል። ትንሿ ደግሞ ለመርሳት ትመቻለች፦ የመኪና ኪስ ውስጥ፣ የተሰቀለ ጃኬት ውስጥ፣ ልጅ በሚደርስበት መሳቢያ።

«ቢነክስስ?» ለሚለው መልሱ ልምምድ ነው። ሽጉጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚነክሰው ባልተጸዳ አካል፣ በተበላሸ ካርታ ወይም በመጥፎ ጥይት ነው። ካርታውን ከሥር መታ አድርጎ መልሶ ማቀባበል ለተለማመደ ሰው የአፍታ ሥራ ነው፤ ቁርጭምጭሚት ላይ ያለውን ለመምዘዝ ግን ማጎንበስ፣ ሱሪ መሰብሰብ፣ ዓይንን ከአደጋው ማንሣት አለ። «ለጓደኛዬ አቀብለዋለሁ» የሚሉም አሉ። ያልሠለጠነና የደነገጠ ሰው እጅ ላይ ሽጉጥ ማኖር ለራስም ያስፈራል፤ ፖሊስ ሲደርስ ደግሞ ማን ተጠቂ ማን አጥቂ እንደሆነ የሚለይበት ምልክት የለውም። እውነተኛ ክብደት ያለው ተቃውሞ «ቀኝ እጄ ቢመታስ?» የሚለው ነው። ለእሱም ቢሆን በግራ እጅ መተኮስን መማር ሳይቀድም ሁለተኛ ሽጉጥ መግዛት ዋጋ የለውም።

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ለምትኖሩ ሕጉም አለ። የቨርጂኒያ ፈቃድ በሜሪላንድም በዲሲም አይሠራም፤ ዲሲ ውስጥ ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መያዝ እስከ 5 ዓመት እስር ያስቀጣል። አሌክሳንድሪያ አድሮ ዲሲ ሠርቶ ሲልቨር ስፕሪንግ እራት የሚበላ ሰው በአንድ ቀን ሦስት ሕግ ያቋርጣል፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የረሳት ሽጉጥ ግን ድልድይ ላይ አትወርድለትም። ኡበርና ሊፍትም ሹፌሮቻቸው በሥራ ላይ መሣሪያ እንዳይዙ ይከለክላሉ፤ ፈቃድ ቢኖርም።

ስለዚህ ለሁለተኛ ሽጉጥ ያሰባችሁትን ገንዘብ በአሠልጣኝ ለሚሰጥ ትምህርት፣ ጠንካራ ቁልፍ ላለው ሣጥንና ለደም ማቆሚያ ማሰሪያ አውሉት፤ የማሰሪያውን አጠቃቀምም ተማሩ። ቤታችሁ ውስጥ ልጅ ወይም ልቡ የከፋበት ሰው ካለ፣ ዛሬውኑ ከሣጥኑ ጀምሩ።